ጋዙ ያመለጠበት ስንጥቅ

ጥቅምት 9 ቀን 2003
ሳጥኖቹ ደረሱ። ጠዋት ጁባ ወደብ ወርጄ ተረከብኩ። በአጎቴ በዱኦት መንደር አጠገብ ለጋዝ ፍለጋ ከተቆፈረው ጉድጓድ የወጡ የድንጋይ ናሙናዎች፣ አርባ ሁለት ሳጥን። ተሸካሚዎቹ «ወርቅ ነው?» አሉኝ። ድንጋይ ነው ስላቸው ሳቁ።
ምሳ ብቻዬን። ቢሮ ውስጥ ጂኦሎጂስት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለ ድንጋይ የሚያወራኝ የለም። ሐበሻ አገር አድጌ አገሬ ከገባሁ ስምንት ወር... በዲንካ አፌን ስከፍት አሁንም «ሐበሻዋ» ይሉኛል።

ጥቅምት 14
ከፈትኳቸው። ጥቁር ሼል፣ በስሱ የተነባበረ የጭቃ ድንጋይ። ደስ ሲል! የድሮ ሐይቅ ጭቃ ነው። ውስጡ የሞተው ሁሉ ተቀብሮ ሲሞቅ ጋዝ ይሆናል። ሙቀቱ ካነሰ ጥሬ ይቀራል፣ ከበዛ ያራል። እዚህስ?
አጎቴ ደወለ። ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ በለመዳት አማርኛ፣ «አዲዩ፣ ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ለቁፋሮው መሬቱን እንለቃለን። መንገድና ክሊኒክ ይመጣል ተብሏል» አለኝ። ምን ልበለው? እናቴ ካምፕ ከሞተች ወዲህ ያለኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነው።

ጥቅምት 23
እሳተ ገሞራ! የቀለጠ ድንጋይ ከሥር ወጥቶ ሼሉ መሀል ገብቶ ረግቷል። አጠገቡ ያለው አሯል፤ ጣቴን እንደ ከሰል አጠቆረው። ራቅ ያለውን ግን ልክ አብስሎታል። ሚሊዮን ዓመታት የሚፈጀውን በአጭር ጊዜ ጨርሶታል። «ጋዝ ነበረ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።

ኅዳር 7
የላቦራቶሪው ውጤት ከናይሮቢ መጣ። ጋዝ የለም ማለት ይቻላል።
ስንጥቆቹ ናቸው። ጋዙ ከተፈጠረ በኋላ መሬቱ ተንቀሳቅሶ ድንጋዩን ሰነጣጥቆታል፣ ከላይ የከደነውንም ጭምር። ከዚያ ምን ያቆመዋል? መሬቱ አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ...

ኅዳር 9
አለቃዬ ሚስተር ጄኮብ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበው።
«የነፃነቱ ሬፈረንደም ደርሷል። ሰው ተስፋ ይፈልጋል። ‹ተስፋ ሰጪ ነው› ብለሽ ዝጊው።»
«መንደሩ ከተነሳ በኋላስ?»
ሪፖርቱን ጠረጴዛዬ ላይ መለሰው።
አልቀየርኩም። ፈርሜ አስገባሁ። ከሰዓት ጠረጴዛዬን ወደ ማህደር ክፍል አዛወሩት።

ኅዳር 12
ለአጎቴ ነገርኩት።
«ጋዙ ነበረ?»
«ነበረ፣ አጎቴ። መሬቱ ሲሰነጠቅ ወጥቶ ሄደ።»
«መቼ?»
«ሰው ሳይፈጠር።»
«ክሊኒኩስ?»
ስልኩን ዘጋው።

ታኅሣሥ 3
አልደወለም። እኔ ስደውል አያነሳም።
ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄድኩ። ባለሱቋ ዓሊማ፣ ከሐበሻ አገር የመጣች ናት፣ «ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ እህቴ?» አለችኝ። አማርኛዋ... እንባዬ መጣ። ሳሙና ገዝቼ ቶሎ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 20
ምንም።

ጥር 1
ድምፅ ሰጠሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር። ሲዘፍኑ አብሬ አጨበጨብኩ። ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም ለማን ላሳይ?

ጥር 4
አጎቴ ደወለ! ሰላምታ እንኳን የለም።
«ገና አልበረደልኝም። ግን ነይ። ሽማግሌዎቹን እኔ ስነግራቸው አልገባ አላቸው። አንቺው በራስሽ አፍ ንገሪያቸው።»
ነገ ጀልባ አለ። እፈራለሁ።

ጥር 11
መንደሩ ውስጥ ነኝ። ስድስት ቀን ሆነኝ።
ዛፉ ሥር ሰብስበውኝ በዲንካ ነገርኳቸው፤ ስሳሳት አጎቴ እያረመኝ። አንዱ ሽማግሌ «ዝም ብትይ መንገዱ ይመጣልን ነበር» ብሎ ተነስቶ ሄደ። እውነቱን ይሆን? ሌሎቹ ቆዩ። ሲጠይቁኝ ዋሉ... መሬት ለምን ይሰነጠቃል፣ እሳቱ ከየት ይመጣል። ማታ መሬቱን አንለቅም አሉ። ክሊኒክ ግን አሁንም የለም። አጎቴ ይህን በየቀኑ ያነሳብኛል። ያንሳብኝ።
ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። የአጎቴ ሚስት ክርስቲና «ምንድን ነው የምትጽፊው?» እያለች ከአጠገቤ አልነሳ ብላለች።