ባለ ሦስት አንጓው አውራ ጣቴ

መጋቢት 12፣ ከጋራዡ

ወንድም ጋሼ፣

አለህ ወይ? ከአባባ ተጣልተህ ከወጣህ ወዲህ ስልክ አታነሳም፣ ስለዚህ ይሄን ወደ እናንተ በሚመላለስ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ዶሮ የጫረው ይመስላል ብለህ እንዳትስቅ። እኔ እንደሆነ አንደኛ ነኝ፤ ጊርቦክስ ብቻውን የሚያወርድ በዚህ ሰፈር ከኔ ሌላ ካለ ይምጣ!

ወሬው የሚጢ ነው። እህታችን አሁንም በየወሩ የሰው ደም እየተሰጣት ነው ያለችው፤ መድኃኒቱ እምቢ ብሏታል። ደሙ ሲበዛ ደግሞ ውስጡ ያለው ብረት ጉበቷ ላይ ይከማቻል አሉ። "መቅኒ ከወንድም ይገኝ" ሲባል ቀድሜ እጄን ዘረጋሁ። ተመረመርኩ፣ ገጠመ! ጋራዡን በሙሉ ለስላሳ ጋበዝኩ። "ከኔ መቅኒ የወጣ ደም ዳገት አይበግረውም!" እያልኩ።

ከዛ ዶክተሯ ስትጨብጠኝ አውራ ጣቴን ይዛ አልለቅ አለች። ታውቀዋለህ፣ ባለ ሦስት አንጓውን፤ ማንም የማይደርስበትን ብሎን የምፈታበትን።

"ይሄ ከልጅነትህ ነው?"

"የእግዜር ስጦታ ነው፣ ዶክተር።"

አልሳቀችም። ሌላ ምርመራ አዘዘች።

እንደገባኝ ልንገርህ። ሰውነታችን ውስጥ ፕሮቲን የሚገጣጥም ደቃቅ ማሽን አለ፣ ራይቦዞም የሚሉት። ከዕቃዎቹ አንዱ አርፒኤስ 19 ይባላል። የዕቃው ንድፍ ጂን ላይ ነው ያለው፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። የሚጢ አንዱ ብልሽት አለበት፤ ዕቃው ያንሳል፣ መቅኒዋም ቀይ ደም መስራት አቃተው። የኔም አንዱ እንደዛው ነው። ደሜን ዝም አለው እንጂ ያው ነው፤ ለካ ጣቴም የዚሁ ብልሽት ምልክት ኖሯል። ስለዚህ የኔ መቅኒ አይሰጣትም።

"ይሄን የሚያክል ሰው?" አልኳት። "አንዳንዱ ላይ አይታይም" አለች። በቃ። እኔ ምንም አልሆንኩም፣ እበላለሁ፣ እሰራለሁ።

የቀረኸው አንተ ነህ። ያንተ አውራ ጣት እንደ ሰው ባለ ሁለት አንጓ ነው፤ ዶክተሯ ግን "በጣት አይፈረድም፣ ደሙ ይታይ" ብላለች። ና እና ተመርመር። አባባ ስላንተ አፉን አይከፍትም፤ ጥለኸው የሄድከውን ጫማ ግን ሁሌ ሲወለውል አየዋለሁ።

ትናንት ሚጢ ጣቷን ከጣቴ ጋር ገጥማ፣ "እይ፣ አንድ ናቸው! ለዚህ እኮ ነው መቅኒህ የሚሆነኝ" አለችኝ።

"ልክ ነሽ የኔ ጀግና፣ ግን ከኔ የሚበልጥ እየመጣ ነው" አልኳት።

ከኔ የሚበልጥ አለ ስል የመጀመሪያዬ ነው። አታዋርደኝ።

እግዜር መንገድህን ያቅናው፣ ክፉ አይንካህ።

ታናሽህ፣
ክሪኩ