ደረጃችን ላይ «በርቷል» ስለተባለው መብራት

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ወገብዎ ደህና ይሁን እያልኩ፣ እኔ የአምስተኛው ፎቅ ሽማግሌ፣ ሟች ባለቤቴ በስተርጅናዬ ባስቆጠረችኝ ፊደል ይህንን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌ ሁሉም እንዲያየው መግቢያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ እጄ ነው እንጂ ነገሬ ቀጥ ያለ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። መስኮት የሌለው ደረጃችን በቀትርም ጨለማ ነው። የግድግዳውን ማብሪያ ነቅለው፣ በስልካችን ከፍተን በምንነካው የኢንተርኔት ገጽ እንድናበራ አደረጉን፤ እሰየው አልን። ቀጥሎም ገጹ መብራቱን በሚያዝዘው የሕንፃው ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዞ መሥራቱ አደገኛ ነው፣ ሌባ በእሱ በኩል ገብቶ ሁሉን ያዝዝበታል ብለው ሥልጣኑን ገፈፉት። ይህ እውነት ነው፤ አልከራከርዎትም። ነገር ግን መብራቱን የመንካት ፈቃዱም አብሮ ሄደ። ምስኪኑ ገጽ እንደ ተሻረ ሹም ማዘዙን አልተወም፤ ስንነካው «በርቷል» ይላል፣ ደረጃው ድቅድቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ለተጻፈ ነገር ትልቅ ክብር ነበራት። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር «በርቷል» የሚለውን አንብባ ጨለማው የራሷ መሰላት። «ዛሬስ ዓይኔ ባሰበት» እያለች ስትወርድ ሰምቻታለሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ሦስተኛ፣ አቤት ብል «ገጹ ያለ እንከን እየሠራ ነው» የሚል መልስ ሰጡኝ። እንኳን ደስ ያለዎት።

እኛም ዘዴ ፈጥረናል። የሚወርደው «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮኻል፣ የሚወጣው «ጠጋ በሉልኝ፣ ሸክም ይዣለሁ!» ይላል። የሦስተኛ ፎቋ ጸጉር ሠሪ እኔ ደረጃው ላይ ከቆምኩበት ስትደርስ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ «አባባ፣ ሒሳብ ላውጣ?» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ እንጂ መውለጃዋ ደርሷል፤ ሆዷ እግሯን ጋርዶባታል። እኔ እሷንም መቅበር አልፈልግም።

ስለዚህ ገጹ የቤቱ ጌታ ይሁን አላልኩም። የእህቴ ልጅ ሙያዋ ነውና እንዳስረዳችኝ፣ ያንን አንድ ማብሪያ ብቻ እንዲነካ፣ ሌላ ነገር ግን እንዳይነካ ፈቃድ ቆንጥሮ መስጠት ይቻላል። ለሠራተኛ የጓዳ ቁልፍ መስጠት እኮ የሣጥን ቁልፍ መስጠት አይደለም! ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

በትዕግሥትዎ ብዛት የምደነቅ፣ ፈቃድዎ እስኪመጣ የእጅ ባትሪ ይዤ ደረጃው ላይ የምውል፣ ደመወዝ የማይከፈለኝ አምፖልዎ፣

የአምስተኛው ፎቅ ሽማግሌ

ሳልረሳው፦ ለሐዘኔ የላኩት የአበባ ጉንጉን ደርሶኛል። ያመጡት ሰዎች ጨለማውን ፈርተው ከደረጃው ግርጌ አስቀምጠውት ተመለሱ። ማንም ሳይነግራቸው የወደቀችበትን ቦታ አገኙት።