ኮት የለበሰው እንሰት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017፣ ዲላ

የልጅ ልጄ ሜሮን ለመመረቂያ ጥናቷ ስለ እንሰት ባህላችን ስትጠይቀኝ፣ «አዲስ የተተከለ እንሰት እንግዳ ስለሆነ ይበርደዋል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ኮታችንን እናለብሰዋለን» ብዬ ቀለድኩባት። የኔ የዋህ ጻፈችው። ነገ ጥናቱን ልታስረክብ ነው። በመምህሮቿ ፊት እንዳትዋረድብኝ ዛሬ ውሸቴን ተናዘዝኩ።

ሳቀችብኝ። «አባባ ደግሞ፣ ገደብ ወረዳ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ። ሁለት ሽማግሌዎች ኮታቸውን ለእንሰት አልብሰው በሸሚዝ ቆመዋል።»

ስማቸውን ስትነግረኝ አፈርኩ። የወጣትነት ጓደኞቼ ናቸው። ያኔ አብረን ስንተክል ያታለልኳቸው እኔው ነኝ።

ይህንንም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አነሳችና «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» አለችኝ።

ለአንዴ እንኳ እውነቱን ልናገር ስል ዓመቱ ጠፋብኝ።