አበልጄ ያመጡልኝ ውል

ኅዳር ፯፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

የተማሪዎቼን ድርሰት እያረምሁ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። አቶ ደ. ናቸው። ሙሉ ስማቸውን አልጽፍልህም፤ ደብተርም ይሰረቃል፣ ሚስትም ታነባለች።

አንተ አዲስ ደብተር ነህ፣ አታውቃቸውም። የበኩር ልጄ የክርስትና አባት ናቸው፤ አበልጄ። ሥራቸው ጨርቅ ንግድ። ያባቴን ተዝካር የደገስሁት በሳቸው ብር ነው። ጎንደር እንዳለ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፤ ዕዳው ለኔ ቀረ። መያዣው ማክሰኝት ያለው ያባታችን መሬት፣ በወለድ አገድ። ብሩ እስኪመለስ ምርቱን የሚበሉት እሳቸው ናቸው፤ ምርቱ እንደ ወለድ ይታሰባል፤ ዋናው ዕዳ ግን ንቅንቅ አይልም። ይኸው አምስት ዓመት በሉ። ወረቀት? የለም። ከአበልጅ ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው ብዬ እኔ መምህር ተብዬው በቃል ተዋዋልሁ!

ዛሬ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው መጡ። ፍ/ቤት ቀርበን እንዋዋል፣ ዕዳውን በየወሩ ከደመወዝህ ክፈል፣ መሬቱን ከአሁኑ ልልቀቅልህ ይላሉ። ከአሁኑ! ሚስቴ የሺ ከጓዳ ሆና እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔን ግን ልቤ አልወደደውም። ጤፉን ሲበሉ የኖሩ ሰው ምነው ድንገት ጠገቡ?

ልየው ብዬ ረቂቁን አስቀረሁ። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። እሱም ያጠራጥራል።

ኅዳር ፱፣ ማክሰኞ

ረቂቁን ደጋግሜ አነበብሁ። ሁሉም ሸጋ። ክፍያውም ቤቱ ጠበብ ብሎ ከኖረ ይቻላል። አንድ መስመር ብቻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች፦ «አበዳሪው በመሬቱ ላይ ያለማው ሁሉ የአበዳሪው ነው።» ምን አለሙ? ጤፍ ይታጨዳል፣ ያልቃል። ጎጆ አልቀለሱ፣ ጉድጓድ አልቆፈሩ።

ፍ/ቤት የሚሠራ ጸሐፊ አለ፣ የቅኔ ቤት ባልንጀራዬ። አሳየሁት። የተለመደ አጻጻፍ ነው አለ። ዓመት በዓመት ሽማግሌ ከምታበላ በዳኛ ፊት ተዋውለህ ቀስ እያልህ ብትከፍል ይሻልሃል አለ። መከረኝ ወይስ ተመክሯል? የለበሰው ኮት ጨርቁ አዲስ ነው። አቶ ደ. የሚሸጡት ዓይነት።

ኅዳር ፲፪፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ንግሥ። ሕዝቡ ለጉድ ነው። አቶ ደ. ቅጽሩ በር ላይ አገኙኝ። አቀፉኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ መቼ ነው የምንፈርመው አሉኝ። ይደርሳል አልሁ። እንዳይዘገይ አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። በልቤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልሁ በአፌ እግዜር ይስጥልኝ!

የሺ መንገዱን ሙሉ ነዘነዘችኝ። ከዕዳ ውጣ የተባለ ሰው እንዲህ ይጨነቃል ወይ ትላለች። አንተ መልአኩ ራሱ ቢያበድርህ ማነው የላከህ ትላለህ አለች። ሳቅሁ። ግን እሷስ ምነው ይህን ያህል ቸኮለች? ነገ ማክሰኝት እወርዳለሁ ስላት ፊቷ ልውጥ አለ። ልብ ብያለሁ።

ኅዳር ፲፫፣ ቅዳሜ፣ ማክሰኝት

እህል ለመጫን በሚወርድ ማኪና መጣሁ፣ አቧራ ለብሼ። ከገበያው ወዲያ በእግሬ። የላይኛው እርሻ ጤፉ ደርሷል። ወደ ታችኛው፣ ወደ ምንጩ ስወርድ ባሕር ዛፍ! ጉልበቴ የሚደርስ ችግኝ፣ በመስመር በመስመር፣ እርሻውን ሞልቶት። እግዚኦ!

«ያለማው» የተባለው ይኸ ነው እንግዲህ። መሬቱን ይለቁልኛል፣ ዛፉ ግን የሳቸው። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እኔ ሞቼ ልጆቻቸው ይቆርጡታል። ምንጩንም ጠጥቶ ይጨርሰዋል። እኔ ዕዳ ከፍዬ የሰው ደን ላስጠልል!

መሬቱን በእኩል የሚያርስላቸው ታላቅ ወንድሜ አያ መንገሻ ነው። ባባቱ መሬት የሰው አራሽ ሆኖ። አዲስ ጋቢ ደርቧል። ማን ተከለው አልሁት። እኔ አለ። እንዲያው በደረቁ፣ እኔ! ስንት ከፈሉህ አልሁት። ታላቄን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አልጮኸም። ማጭዱን መሬት አኖረና «አዛዡ እሳቸው፣ አራሹ እኔ። አልተክልም ብል ልጆቼ ምን ይበላሉ? መሬቱን ያስያዝኸው አንተ ነህ። ደግሞ በክረምቱ በየሺ በኩል ልኬብህ የለም? መልስ ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም አልኸኝ» አለ። ጋቢው የሚስቱ ፈትል ነው።

የሺ? የኔዋ የሺ?

ኅዳር ፲፬፣ እሑድ

አልካደችም። መልእክቱ ደርሷታል። ብነግርህ ካበልጅህ ጋር ትጣላለህ፣ ዕዳው ዕድሜ ልካችንን ይቀመጥብናል ብዬ ፈራሁ አለች። ገበያ ስሄድ በሱቃቸው በር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ታክቶኛል አለች። አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ደግሞም ተናድጃለሁ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ነገ ጾም ይገባል። ቅበላዬ ይኸ ሆነ። ምሳ ሳልበላ ወጣሁ።

ኅዳር ፲፱፣ ዓርብ፣ ከት/ቤት መልስ

ሱቃቸው ሄድሁ። ዛፉን አይቻለሁ አልኋቸው። አልደነገጡም፤ ጨርቅ መለካታቸውን እንኳ አላቆሙም። እንግዲያው ሌላ መላ አለ አሉ፦ ታችኛውን እርሻ ተውልኝ፣ ዕዳው በሙሉ ይቅር። በየወሩ መክፈል የለ፣ ፍ/ቤት የለ። በሽማግሌ ፊት እንጨርሰው።

እውነቱን ልንገርህ፣ አጓጓኝ። በሙሉ! ነገ ጧት ባለዕዳ አለመሆን! እሺ የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። የመለሰኝ ያው ጠባዬ ነው። ነጋዴ የሚያገኘውን ሳያሰላ አይተውም። ከተማው ቤት እየሠራ ነው፣ አጣና ይፈልጋል፤ ያ ችግኝ ሲያድግ ዕዳዬን አጥፎ የሚከፍል ነው። ምንጩስ? አያ መንገሻ ከብቶቹን የት ሊያጠጣ?

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ለየሺ አልነገርኋትም።

ኅዳር ፳፩፣ እሑድ፣ ጽዮን

ነገርኋት። ዘላ ተቀበል ትለኛለች ብዬ ፊቷን ስሰልል፣ የመንገሻን ልጆች በምን ዓይኔ አያለሁ አለች። ደግሜ ጠየቅሁ። ያንኑ አለች። አመንኋት መሰለኝ።

እንግዲህ ፍርድ ቤቱ። በየወሩ፣ በዳኛ ፊት፣ የዛፉ ነገር ተጽፎ። ለፋሲካ አዲስ ልብስ የለም አልኋት። ድሮስ መች ነበረ አለች።

ኅዳር ፳፱፣ ሰኞ፣ ማምሻ

ፍ/ቤት ዋልን። ዳኛው አቶ ደ.ን፣ በመያዣ መሬት ላይ ዛፍ ትከል ያለህ ማን ነው አሏቸው። ፈቅዶልኛል አሉ፤ ዓይኔን እያዩ! ወረቀት አለህ? የለም አሉ። ከአበልጅ ወረቀት መጠየቅ ለካ ለሳቸውም ነውር ኖሯል!

ተወሰነ፦ ችግኙን ነቅለው ይወስዳሉ፣ ዋጋ አይጠይቁም፤ መሬቱ ጤፉ እንደታጨደ ይለቀቃል፤ እኔ በየወሩ ለፍ/ቤቱ ገቢ አደርጋለሁ። «ያለማው» የምትለዋ መስመር ተሰረዘች። ባልንጀራዬ ጸሐፊው ጻፈው፤ እኔም ቃል በቃል መረመርሁት። ንጹሕ ነው። ኮቱን ራሱ ገዝቶት ይሆናል።

አቶ ደ. ግን አልጨረሱም። ዋስ ይጥራ አሉ። እንደማላገኝ ያውቃሉ። የት/ቤታችን መምህራን ሁሉ እንደኔው ባለዕዳ ናቸው። ዳኛው ዋስህ ማን ነው ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላ «እኔ አለሁለት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያ መንገሻ! ለካ የሺ ልካበት ኖሯል።

ምን ንብረት አለህ ተባለ። ሁለት የእርሻ በሬ አለ። ቡሬና ዳልቻ ብሎ ስማቸውንም ጨመረ፤ ሰዉ ሳቀ። ወንድምህ አንድ ወር ቢያጎድል በሬዎችህ ይሸጣሉ፣ ገብቶሃል ወይ አሉት።

«ገብቶኛል» አለ። ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።

ደጅ ስንወጣ ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትሁ። ምነው፣ ቤታችሁ ምሳ የለም ወይ ብሎ ቀደመኝ። በልቶ ሄደ።

ኅዳር ፴፣ ማክሰኞ

ደመወዝ። ወደ ገንዘብ ያዡ ስሄድ በሐሳቤ እየመነዘርሁት ነበር። ከጾሙ በኋላ የማኅበር ተራዬ ነው። ጠላው፣ ዳቦው። ሰው ምን ይለኛል፣ ደህና አድርጌ ላውጣ። የፍ/ቤቱን ለዚህ ወር ብቻ ባዘገየውስ፣ በሚቀጥለው ደርቤ ብከፍል? ይህን ሁሉ ሳስብ ምንም አልከበደኝም። በሩ ላይ ደርሼ ነው ምን እያልሁ እንደሆነ የገባኝ። ቡሬና ዳልቻ!

ገንዘብ ያዡን፣ የፍ/ቤቱን ድርሻ በእጄ አትስጠኝ፣ ብለምንህም አትስጠኝ፣ በየወሩ አንተው ቀንሰህ አግባልኝ አልሁት። ሳቀ። አንተ ሰውዬ አገሩን ሁሉ ጠርጥረህ ጨርሰህ አሁን ወደ ራስህ ዞርህ ወይ አለኝ።

አዎን አልሁት። ወረቀት አምጣና ልፈርም።