ለማን ነበር የሳቅከው?

ታዴዬ፣

ባለፈው ማክሰኞ የሃዋይን የባሕር ዳር መንገድ በአስጎብኚ አውቶቡስ ሄድኩበት።

ከተለያየን አሥር ወር ሆነን። ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ልጃችን ሜሮን ልጆቿን ይዛ ከካሮልተን ከተማ እኔ ጋ ወደ ዩለስ መጥታ ገብታለች፤ ወንበርህን ትንሹ የልጅ ልጅህ ወርሶታል። ሙት ዓመትህ እየቀረበ ስለሆነ ሐውልት እያሠራን ነው። አርሊንግተን ያለው ሐውልት ሠሪ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ አንድ ፎቶ ጠየቀን። ልጆችህ ሳያመነቱ የመረጡት የትኛውን መሰለህ? የአውቶቡሱን።

ታውቀዋለህ። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ በመስኮቱ ባሕሩና ዐለቱ እየታዩ፣ ዓይንህ እስኪጠፋ ትስቃለህ። ጥግ ላይ የፎቶ አንሺዋ ጣት ገብቷል፤ ጥፍሯ ቀይ ነው። ማን ናት ብልህ "አጠገቤ የተቀመጠች አሮጊት" አልከኝ። ቀይ ጥፍር ያላት አሮጊት!

ያኔ ሃዋይ አብረን ልንሄድ ነበር፤ እኔን ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ። "አንተ ሂድ" ያልኩህ "ያለ አንቺ አልሄድም" እንድትለኝ ነበር። ሄድክ። ተመልሰህም ስለ ፏፏቴው፣ ስለ ጥቁሩ አሸዋ፣ መንገድ ዳር ስለበላኸው የሙዝ ዳቦ ስታወራ ከረምክ። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ አልሳቅክም። ታዲያ ለሌላ ሰው የሳቅከውን ድንጋይ ላይ አኑሬ በየሳምንቱ ልጎበኘው? እምቢ አልኩ። ሜሮን "እማዬ፣ አሁንም ትቀኛለሽ እንዴ?" አለችኝ። አዎ፣ እቀናለሁ።

ስለዚህ ሄድኩ። የፊት ወንበሩን ለምኜ ያዝኩ። አስጎብኚው ራሱ ሹፌሩ ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ እየነዳ በማይክሮፎን የሚያወራ ሰው። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ጠባብ ኩርባ ስንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ጸጥ አለ። እሱም ረጋ ብሎ፣ "የምትፈሩ ካላችሁ እንደ እኔ አድርጉ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ ያለችው ሴት ወዲያው ፎቶ አነሳችኝ። ሳየው በመስኮቱ ያንተ ፎቶ ላይ ያለው ያው ባሕር፣ ያው ዐለት አለ።

ዕድሜህን ሙሉ ከኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ መንገደኛ በአውቶቡስ ስታመላልስ ኖረህ፣ በዚያች አንድ ቀን ተሳፋሪ ሆነህ ይህን ስትሰማ እንዴት እንደሳቅክ ገባኝ። ሴትዮዋን ተውኳት። አሁን የምቀናው በሹፌሩ ነው። ፏፏቴውን ሁሉ ስትተርክልኝ ቀልዱን ለምን ለራስህ አስቀረኸው? እኔ እኮ አጠገብህ ተቀምጬ በየኩርባው የሌለ ፍሬን የምረግጥ ሰው ነበርኩ። ከእኔ በላይ ለማን ይሆን ነበር?

ሌላው ሰው በእንባ ያስታውስህ፤ እኔ እየቀናሁ አስታውስሃለሁ፤ እንዲህ ከሆነ አንድም ቀን አልረሳህም።

ሁለት ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ኮስተር ብለህ እኔን የምታይበት የሠርጋችንና ያኛው የአውቶቡሱ። ከዚያኛው ላይ ቀዩን ጥፍር አስቆርጬዋለሁ፤ በእሱ አልደራደርም። ሐውልት ሠሪው እስከ ዓርብ ይጠብቀኛል።

አልማዝህ