ለቅሶዬ ላይ እንዳትመጣ

ይድረስ ለአንድዬ ወንድሜ፣ ለወንድምዓለም። እንደምን ከረምህ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህን ቀስፎ የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይ? ሚስትህስ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። አለሁ ያልሁህን ደግመህ አንብበው፣ አልሞትሁም። መርዶው ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደርሶህ ከሆነ ውሸት ነው። ሌላ ሰው ጻፈው ብለህ እንዳትጠረጥር፣ ሾላው ሥር ስንጫወት ቅንድብህን በድንጋይ የፈነከትሁህ፣ አንተም እንዳልገረፍ ብለህ ለእናታችን «በሬ ወጋኝ» ያልህልኝ፣ ያች ነኝ። ስሜን አልጽፍም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፣ ፊደሉ ቢጣመም የዕድገት በኅብረት ዘማቾቹ ያስተማሩኝ ይችኑ ነው። የሺመቤትን ታውቃታለህ፣ ፋብሪካ አብራኝ ክር የምትፈትለውን፣ ያች ሳቂታዋን። በየካቲት መጀመሪያ ከፋብሪካው ስንወጣ ሁለታችንንም ያዙን፣ በስውር የምንበትነው የተከለከለው ወረቀት በእሷ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከእንጀራው ሥር ነበር። ውስጥ እግራችንን ገረፉን። እኔ ስጮህ እሷ ትሰድባቸዋለች፣ ገራፊውን «ቁርስ አልበላህም እንዴ? ክንድህ ዛለ እኮ!» ትለዋለች፣ እኔም በዚያ ሁሉ ደም መሀል ሳቄ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጠርተው አወጧት። በማግስቱ ወደ ገበያ መውረጃው ላይ ተጋድማ፣ ደረቷ ላይ ካርቶን ተለጥፎባት፣ እየነዱ ወስደው አሳዩን። አንድ ዓይኗ አልነበረም። እናቷ መጥታ እሪ ስትል ማልቀስ ክልክል ነው ብለው አፏን በሰደፍ መቷት፣ ሁለት ጥርሷ አፈሩ ላይ ወደቀ። ይችን ነገር ልብ በልልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወንድምዓለም፣ አሁን የምነግርህን ሳትረግመኝ ስማኝ። ከእሷ በኋላ እኔን ገልብጠው ሲገርፉኝ ስምህን ተናገርሁ። ወረቀቱን መጀመሪያ የሰጠኝ ወንድሜ ነው አልሁ። የት እንዳለህ ግን አልተናገርሁም፣ ከአገር ወጣ እንጂ የገባበትን አላውቅም አልሁ፣ አላመኑኝም፣ እንደገና ጅራፉን አነሡብኝ። ያኔ ሐይቁ ውስጥ፣ የሴቶቹ ገዳም ያለበት ደሴት ላይ ሁለት የቆሰሉ ልጆች ተደብቀዋል፣ እኔ አሳያችኋለሁ አልሁ። እውነትም ነበሩ፣ ቂጣ የማደርስላቸው እኔ ነበርሁ። ለአንተ ስል እነሱን ሰጠሁ ልልህ አማረኝ፣ ግን ግርፋቱ እንዲቆምልኝ ብዬ ነው።

በማለዳ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ይዘውኝ ወረዱ። አንዱ ሣህሉ ነው፣ ገራፊው። ሌላው አዘዘ የሚባል የእስር ቤቱ ዘብ ነው፣ ከግርፋት ስመለስ ቀና አድርጎ ውሃ የሚያጠጣኝ። የሞተር ጀልባ ድምፁ ያስደነብራቸዋል፣ እንጨት ሻጭ መስለን በታንኳ እንሄዳለን አሉ። ዳር ላይ ከደንገል ሣር የታሠሩ ሁለት ታንኳዎች ነበሩ። አንዷ ተገትራ ፀሐይ ስትሞቅ የሰነበተች፣ ቀጭን፣ ቀላል። ሌላዋ ሳትወጣ ውሃ ላይ የከረመች፣ ደንገሏ ጠጥቶ ጠጥቶ አባብጦ ወፍራ የተኛች። አባታችን በሕይወት ሳለ ውሃ የጠጣ ደንገል ሰው አይችልም እያለ ያበጠችዋን እንኳን እንድንሳፈራት እንድንነካትም አይፈቅድልንም ነበር፣ ታስታውሳለህ። እነሱ የደጋ ሰዎች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ። ሣህሉ ደረቋን በጫማው ገፋ አድርጎ «ይችን ጭራሮ ማን ይሳፈራታል? ወፍራሟን አምጭ!» አለኝ። ዝም አልሁ። አልዋሸሁም ወንድምዓለም፣ ዝም ብቻ ነው ያልሁ።

ዘንጉን ይዤ እየገፋሁ ከዳር ራቅን። ውሃው ከሥር እየመጣ ሱሪያቸውን አራሰው፣ አዘዘ «ሣህሉ፣ ከፍርሃት ነው ከውሃው?» ብሎ ሳቀበት፣ ያም ተሳደበ። መሀል ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ። ሣህሉ ደንግጦ ብድግ አለ፣ ተቀመጥ አላልሁትም፣ እኔም ወደ እሱ ጎን ተጣልሁና ታንኳዋ ተገለበጠች። ሣህሉን ቦቲ ጫማውና ጠመንጃው ይዘውት ወረዱ፣ አፉን ከፍቶ አየሁት፣ ከዚያ አረፋ ብቻ። አዘዘ ግን ደንገሏን ጨብጧል፣ እኔም ጨብጫለሁ፣ ሁለታችንን አትችልም፣ እየወረደች ነው። «እህትዓለም፣ ውሃ አጠጥቼሽ የለም ወይ?» አለኝ። አጠጥቶኛል። ጣቶቹን በዘንጉ መታሁት። አልለቀቀም። ደግሜ መታሁት፣ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። በሦስተኛው ግንባሩን አልሁት፣ ደሙ ፊቴ ላይ ፈነጠቀ፣ ለቀቀ። ማንም ጀግና ቢለኝ አንተ እንዳትለኝ። ጀግናዋ የሺመቤት ናት። እኔ እስካሁን ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ድምፁን እሰማዋለሁ።

ደንገሏን አቅፌ ውሃው ወስዶ ደሴቱ ዳር ጣለኝ። አንዲት አሮጊት እማሆይ ጎትተው አወጡኝ፣ ፀጉሬን ላጭተው ቆብ ደፉልኝ። ስለ ቆሰሉት ልጆች ብጠይቃቸው «ከሄዱ አራት ቀናቸው» አሉኝ። የሣህሉና የአዘዘ ሬሳ ከነጠላዬ ጋር ዳር ወጣ፣ እኔን ግን «አሣ በላት» ተባለ።

አሁን ዋናውን ስማ። እማሆይ ወደ ቀያችን ዘንዘልማ ሄደው ለቅሶዬ ላይ ተቀምጠው መጡ። ድንኳኑን የተከሉት እነዚያው አብዮት ጥበቃዎች ናቸው። አልቅሱ፣ ወንድሟንም ጥሩት፣ መጥቶ እርሙን ያውጣ ብለው ለአጎታችን ለአንተ መግቢያ የሚሆን የይለፍ ወረቀት ሰጥተውታል፣ እሱም የዋህ ነው፣ ድንበር በሚሻገሩት ሹፌሮች በኩል መርዶ ሰዶብሃል። የየሺመቤትን እናት ስታለቅስ ጥርሷን ያወለቁ ሰዎች ለእኔ ስለምን ድንኳን ይተክላሉ? ከጓሮ፣ ከጌሾው ውስጥ፣ ጠመንጃ ይዘው ያደፈጡትን እማሆይ በዓይናቸው አይተዋል። የሚጠብቁት አንተን ነው። ስምህን የሰጠኋቸው እኔ ነኝና ብትመጣ የገደልሁህ እኔ ነኝ። አዘዘ ይበቃኛል።

እናታችን ፊቷን ነጭታ ደም በደም ሆናለች አሉኝ። ንገሩልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ልጄ፣ ካወቀች እንባዋ ይደርቃል፣ እነሱም የሚያዩት እንባዋን ነው» አሉኝ። ስለዚህ አልተነገራትም።

ሚስትህን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። ትንሿን አንገቷ ሥር ሳምልኝ፣ አክስትሽ ናት አትበላት። ያን ጠጅ የሚወድ ጎረቤትህንም እንደምን አለህ በልልኝ፣ ከማን እንደሆነ ግን አትንገረው። ለእናታችን የምልከው ሰላምታ የለኝም፣ የሞተ ሰው ሰላም አይልም። ወረቀቱን አሁኑኑ እሳት ውስጥ ክተተው። መርዶ ነጋሪዎቹ ሲመጡ ደረትህን ምታ፣ መሬት ላይ ውደቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይስማህ፣ ከዚያ ወገቤ ተያዘ ብለህ ተኛና ቅር። ያኔ በሬ ወጋኝ ብለህ እንደዋሸህልኝ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ዋሽልኝ፣ እህቴ ሞተች በል።

ከሐይቁ መሀል
መጋቢት 19 ቀን 1970 ዓ.ም.