የእናትሽ ኮርማ

ሐሙስ፣ የካቲት 11 ቀን

ለማትርቂኝ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር፣ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ የዋሸሁሽ ነገር አለ። «እማዬ በጡጦ ያሳደገችው ኮርማ እንዴት ነው?» ባልሽኝ ቁጥር «እንደ አንበሳ ነው» እልሽ ነበር። መልኩስ እውነት ነው። ግን ታሟል፣ እኔም አውቅ ነበር።

አምና በዚህ ጊዜ የከብት ሐኪሙ መርምሮት፣ «አባባ፣ ላም ላይ ወጥቶ ሲያጠቃ የሚያስተላልፈው በሽታ አለበት» አለኝ። «እሱን አያመውም። ላሞቹን ግን ያስጨነግፋቸዋል፤ አንዳንዶቹም ጽንሱ ሳይታወቅ ይጠፋባቸዋል። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ላም እንዳይነካ።»

«መድኃኒትስ?»

«የእሱ መድኃኒት ቢላ ነው።»

እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

እናትሽ ካረፈች ወዲህ የሰፈሩን ላም ሁሉ በነጻ እንደማስጠቃ ታውቂያለሽ። ለነፍሷ ይሁን ብዬ ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው የሥጋን ነው፣ ይሄ የነፍስ ጉዳይ ነው እያልኩ ራሴን ሸንግዬ ማስጠቃቱን ቀጠልኩ። ስጸልይ እንኳ ኮርማው ትዝ ሲለኝ ቶሎ ብዬ ወደ ሌላው አልፍ ነበር።

ክፋቱ፣ ላሞቹ ጽንስ ባልያዙ ቁጥር መልሰው የሚያመጧቸው ወደኔው ነው። ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን፣ ያቺ ተጫዋቿ፣ ያለቻትን አንድ ላም ደግማ እየጎተተች መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ ላም ልጅ ሳይሆን ባል ነው የፈለገችው መሰለኝ፤ መመላለስ ብቻ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ድምጿ ወረደ። «አሁንም ካልያዘች ልሸጣት ነው። ያለ ወተት ሻይ ቤቱን ምን ላድርገው? እስቲ ይጸልዩልኝ፣ የእርስዎን እግዜር ይሰማል።»

ልጄ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የበረቱን በር ግን ከፈትኩላት፣ ቆሜም አየሁ።

ላሟ አልያዘችም። ሰኞ ነጋዴ ለእርድ ወሰዳት። ያን ዕለት ሻይ ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ብርጭቆ እያጠበች፣ «ታዲያ ያን ቀን ለምን በሩን ከፈቱልኝ?» አለችኝ። ከዚያ ወጥቼ የሌሎቹንም ቤት እያንኳኳሁ ተናገርኩ። ሐኪሙ ላሞቻቸውን እያየ ነው፤ ከኮርማ ርቀው ሲቆዩ የሚድኑ አሉ፣ የማይድኑም አሉ። እኔ ከመጠበቅ በቀር በእጄ የቀረ ነገር የለም።

አንቺን ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የልብሽን ይሙላልሽ። ስትደውዪ ስለ ኮርማው አትጠይቂኝ። ዛሬ ጠዋት ራሴ እየሳብኩ ቄራ ወሰድኩት። በሩ ላይ ሲደርስ አልገባም ብሎ ቆመ። ሰዎቹ ዱላ ሲያነሱ፣ «ተዉት» አልኳቸውና ቀድሜው ገብቼ ቀስ ብዬ ጠራሁት። ተከትሎኝ ገባ።

አባትሽ